ዩዴቭ
ዩዴቭ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ የሃርድዌር መገኘትን የሚከታተል ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብቅ ብሎ በ2012 አገልግሎቶችን ወደሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ተጠቃለለ።

አሠራር፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያገኘውን መሣሪያ ሁሉ ለዩዴቭ ያሳውቃል። ዩዴቭ ለየትኛው መሣሪያ ምን እንደሚደረግ የሚገልጹ ደንቦቹን አይቶ፣ ካስፈለገ ሲስተምዲ ተገቢውን አገልግሎት እንዲያስነሳ ምልክት ያደርጋል። ብሉቱዝ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ አገልግሎቱ የሚቀሰቀሰው አስማሚው ሲገኝ ነው። አስማሚ በሌለው ማሽን ላይ ሳይነሳ ቢቀር ብልሽት አይደለም።

ችግር ፍለጋ፦ ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይነሳሉ። ከርነሉ መሣሪያውን አይቶታል? ደንቡ ከመሣሪያው መለያ ጋር ገጥሟል? አገልግሎቱ ተነስቶ ወደቀ ወይስ ጭራሽ አልተጠራም? ፍንጩ የሚገኘው በአብዛኛው በሲስተምዲ መዝገብ፣ በጆርናል ውስጥ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች፦ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ፕሮግራምን በቀጥታ ከደንብ ውስጥ ማስጀመር አያዛልቅም፤ ዩዴቭ የክስተቱን ሥራ እንደጨረሰ ይገድለዋል። ስለዚህ ሥራው ለሲስተምዲ አገልግሎት ይተዋል። ማሽኑ ሲነሳ 90 ሰከንድ ያህል ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ኤፍኤስታብ የተባለው ፋይል ይታያል፤ የተነቀለ ዲስክ እዚያ ተመዝግቦ ቀርቶ ይሆናል። መስመሩን መሰረዝ ወይም «ኖፌይል» የሚለውን አማራጭ መጨመር ችግሩን ይፈታል።