የዝምታ ዑደት (አምስተርዳም)

የዝምታ ዑደት፣ በደች ቋንቋ ስቲለ ኦምኻንግ፣ የኔዘርላንድስ ካቶሊኮች በየዓመቱ በማርች አጋማሽ ገደማ፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ በአምስተርዳም መሐል ከተማ በእግር እየዞሩ የሚያደርሱት ጸሎት ነው። መዝሙር አይዘመርም፣ መስቀልና ሰንደቅ አይያዝም፣ ሻማ አይበራም። ካህናቱም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ለብሰው ከምእመናኑ ጋር ይሄዳሉ። እያንዳንዱ በልቡ ይጸልያል። ከበሮና ጸናጽል፣ ሽብሸባና እልልታ ያለበትን ዑደት ለለመደ አንባቢ ሥርዓቱ እንግዳ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን መንገዱ ነው፤ ዝምታው የሚጠበቀው መጠጥ ቤቶች ሞልተው በሚያመሹበት ሰዓት፣ ከከተማዋ ጫጫታ የበዛባቸው ጎዳናዎች ላይ ነው። ስለዚህ በጸሎት ጊዜ ልብ ሲባዝንና ጸሎት ሲቋረጥ ምን ይደረግ ለሚለው የቆየ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የ1345ቱ ተአምር

ዑደቱ የሚዘክረው በማርች 1345 አጋማሽ፣ ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሳምንት ተፈጸመ የሚባለውን ተአምር ነው። እንደ ትውፊቱ በካልቨርስትራት ጎዳና በሚገኝ አንድ ቤት አንድ ሰው በጠና ታሞ ካህን ተጠራለትና ቆረበ። ብዙም ሳይቆይ አስመለሰው። አስታማሚዎቹ ያስመለሰውን ሰብስበው በምድጃው እሳት ላይ ጣሉት። በማግስቱ ጠዋት እሳቱን ልትቆሰቁስ የመጣች ሴት ቅዱስ ቁርባኑ ሳይቃጠል በነበልባሉ መካከል አገኘችው። እጇን ሰድዳ አወጣችው፤ እጇም አልተቃጠለም። በሣጥን ተቀምጦ ካህኑ ወደ አውደ ከርክ፣ ማለትም ወደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ቢወስደው፣ ተመልሶ እዚያው ቤት ተገኘ ይላል ታሪኩ። በሽተኛው ኢስብራንት ዶመር ይባል ነበር የሚለው ዝርዝር ዘግይቶ የተጨመረ ይመስላል።

የኡትሬክት ጳጳስ ያን ፋን አርከል በ1346 ተአምሩ እንዲከበር ፈቀደ። በቦታው ላይ ቅዱስ ስፍራ የተባለ ጸሎት ቤት ተሠራ፤ ምድጃውም የጸሎት ቤቱ ማዕከል ሆነ። ምእመናን በብዛት ይጎርፉበት ስለነበር ወደዚያ የሚወስደው መንገድ እስከ ዛሬ ሃይሊኸቨኽ፣ ቅዱስ መንገድ፣ ይባላል። አሁን የልብስና የጫማ መደብሮች የተደረደሩበት የገበያ ጎዳና ነው። በ1452 ታላቅ ቃጠሎ ከተማዋን ሲያወድም ጸሎት ቤቱ ቢነድም ቁርባኑ በድጋሚ ከእሳት ተረፈ ተብሏል። ከተአምሩ ጋር የተያያዘው ሣጥን ነው የሚባል ዕቃ በአምስተርዳም ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ብዙ የተከራከሩበት ጉዳይ የዘውዱ ነው። በአምስተርዳም ዓርማ ላይና በቬስተርከርክ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጫፍ ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ይታያል። የካቶሊኮች ትረካ ዘውዱን ከተአምሩ ጋር ያገናኘዋል፤ የሀብስበርጉ ማክሲሚልያን በዘ ሄግ ሳለ ታሞ፣ ወደ ቅዱስ ስፍራ ተስሎ በመዳኑ ለከተማዋ ያደረገው ውለታ ነው ይላል። የታሪክ ጸሐፍት የሚያቀርቡት ምክንያት ሌላ ነው። ዘውዱን የመጠቀም መብት የተሰጠው በ1489 ሲሆን፣ የአምስተርዳም ነጋዴዎች በሆላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለማክሲሚልያን ላበደሩት ገንዘብና ላሳዩት ድጋፍ የተከፈለ ዋጋ ነበር። ሁለቱ ትረካዎች የግድ አይጣሉም፤ የተሳለም ሰው ይበደራል። ይሁንና ለሽልማቱ የተሻለ የጽሑፍ ድጋፍ ያለው የብድሩ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ማክሲሚልያን በ1489 ገና ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበረም።

እገዳው

በሜይ 26 ቀን 1578 የከተማዋ አስተዳደር ወደ ካልቪናውያን እጅ ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተወሰዱ፣ የካቶሊኮች የአደባባይ አምልኮ ተከለከለ፣ ቅዱስ ስፍራም የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የካቶሊኮች ጸሎት ወደ ጓዳ፣ ወደ መጋዘንና ወደ ጣሪያ ሥር ገባ። ባለሥልጣናቱ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ከውጭ ቤተ ክርስቲያን እስካልመሰለና መንገደኛውን እስካልረበሸ ድረስ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘብ እየተቀበሉ፣ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር።

ከእነዚህ ስውር አብያተ ክርስቲያናት ዝነኛው በአውደዛይትስ ፎርቡርኽቫል ቦይ ዳር የሚገኘው ኦንስ ሊቨ ሄር ኦፕ ሶልደር፣ «ጌታችን በሰገነት ላይ» ነው። ጀርመን ተወላጁ ነጋዴ ያን ሃርትማን ቤቱን በ1661 ገዛ፤ በ1663 የላይኛዎቹ ፎቆች ከኋላ ካሉት ሁለት ቤቶች ጋር ተገናኝተው ጸሎት ቤት ሆኑ። ጠባቡን ደረጃ ወጥቶ ለሚገባ ሰው ድንገት መንበር፣ የተደራረበ ሰገነትና በ1794 ለዚሁ ቤት የተሠራ አነስተኛ ኦርጋን ይታየዋል። ከመንገድ ሲታይ ግን ተራ የነጋዴ ቤት ነው። አውደ ከርክ እዚያው አጠገብ ስለሆነ የፕሮቴስታንቶቹ ደወል ሰፈሩን ሁሉ ይሞላዋል። ከላይ ያሉት ጸሎተኞች የሌላውን ደወል እየሰሙ የራሳቸውን ድምፅ መቆጣጠር ነበረባቸው። ቤቱ ከ1888 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ዛሬ ሰፈሩ የሚታወቀው በቀይ መብራት ቤቶቹ ነው።

የተአምሩን መታሰቢያ በዋናነት ያቆዩት የበኸይንሆፍ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች የምንኩስና መሐላ ሳይፈጽሙ በአንድ ግቢ ለጸሎት የሚኖሩ ነበሩ፤ ግቢው የግል ንብረታቸው ስለነበር በ1578 አልተወሰደባቸውም። የመንፈስ አባታቸው ሊዮናርዱስ ማሪዩስ በ1639 ስለ ተአምሩ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1671 ደግሞ ሁለት ቤቶች ተገናኝተው ስውር ጸሎት ቤት ሆኑላቸው። ይህ ጸሎት ቤት እስካሁን ያገለግላል።

የ1881 ጅማሬ

በማርች የሚደረገው የመካከለኛው ዘመን ዑደት በ1578 ቢቆምም፣ ምእመናን የቀድሞውን መንገድ በግል፣ ማንም ሳያውቅባቸው ይዞሩት እንደነበር ይነገራል። በ1881 ዮሴፍ ሉስበርኽ በተባለ የአምስተርዳም ካቶሊክ እጅ የጥንቱን መንገድ የሚገልጽ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ገባ፤ እርሱና ካረል ኤልሰንቡርኽም መንገዱን አብረው ዞሩት። ዑደቱን የሚያዘጋጀው ማኅበር ያደገው ከዚህ ነው። እንግዲህ 1881 መጀመሪያ ነው ወይስ ያልተቋረጠ ልማድ መልክ የያዘበት ዓመት? መልሱ የግል ዑደቱ ምን ያህል ተስፋፍቶ ነበር በሚለው ላይ ይንጠለጠላል፤ ተደብቆ የሚደረግ ነገር ደግሞ ብዙ ጽሑፍ አይተውም። ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ካስፐርስና ፒተር ያን ማርኽሪ በ2017 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ጉዳዩን የሚያዩት እንደ ረጅም የክርክር ታሪክ ነው።

ዝምታው ከሕግ ጋር የተያያዘ መሆኑ ግን አያጠያይቅም። የ1848ቱ ሕገ መንግሥት ከሕንፃና ከተዘጋ ግቢ ውጭ የሚደረግ አምልኮን ቀድሞ በተፈቀደበት ቦታ ብቻ ወስኖት ስለነበር፣ በአምስተርዳም የካቶሊክ ዑደት ሕገ ወጥ ነበር። መስቀልና መዝሙር ሳይኖር በሌሊት የሚሄዱ ሰዎችን ግን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። እገዳው በ1983 ሕገ መንግሥት ሲነሣ ዑደቱ መዝሙርና ሰንደቅ ሊመልስ ይችል ነበር፤ አልመለሰም። በግዳጅ የመጣው ዝምታ በዚያን ጊዜ የጸሎቱ ጠባይ ሆኖ ነበር።

በቅዱስ ስፍራ ላይ የነበረው ሕንፃ በ1908 ፈረሰ። ካቶሊኮች ሊያስቀሩት ፈልገው ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ለእነርሱ ከመልቀቅ ማፍረሱን መረጡ። በምትኩ የተሠራው አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ቱሪስት በማሰቃያ ትርኢት የሚያስፈራራ መዝናኛ ነው። ከፍርስራሹ የተገኙ ድንጋዮች በሮኪን ጎዳና ላይ ዓምድ ሆነው ከ1988 ጀምሮ ቆመዋል።

አካሄዱ

ከየሀገረ ስብከቱ ምእመናን በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ በመሐል ከተማው አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴ ከሰሙ በኋላ በየቡድናቸው ይወጣሉ። መንገዱ ካልቨርስትራትን፣ ኒውቨንዳይክን፣ ቫርሙስትራትንና ኔስን ተከትሎ ዞሮ ወደ ቅዱስ ስፍራ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከባዱ ክፍል ቫርሙስትራት ነው። ጎዳናው ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ ሰው የተኮለኮለበት መጠጥ ቤት፣ የሐሺሽ ሽታ፣ ከውስጥ የሚደልቅ ሙዚቃ አለ። የሰከረ ጎረምሳ «ምንድን ናችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ሊዘፍንባቸው ወይም በሰልፉ መሐል ሊያልፍ ይችላል። ደንቡ አለመመለስና መራመድ ነው። መቁጠሪያ በኪስ ውስጥ ይቆጠራል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተሳታፊው በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር፤ አሁን ጥቂት ሺዎች ነው። ለረጅም ጊዜ ዑደቱ የወንዶች ብቻ ነበር። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዟል።

የልብ መባዘን በካቶሊክ ትምህርት

የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሐሳብ መበታተንን የጸሎት የተለመደ ችግር አድርጎ ይቆጥረዋል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2729 ላይ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የባዘነ ሐሳብን አሳድዶ ለማባረር መነሣት ራሱ ወጥመድ ነው፤ የሚበጀው ወደ ልብ መመለስ ብቻ ነው። የባዘነበት ጉዳይም ሰውዬው በምን እንደታሰረ ያሳያል።

ቀደም ብሎ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጥያቄውን በዝርዝር አይቶት ነበር። ትኩረትን በሦስት ይከፍላል፤ ቃሉን በትክክል ለማለት፣ ትርጉሙን ለመከተል፣ የሚጸለይለትን አምላክ ለማሰብ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ይችለዋል። ሰው ሳይፈልግ ልቡ ቢባዝን ጸሎቱ በመጀመሪያው አሳብ ጸንቶ ዋጋውን አያጣም፤ የሚቀርበት መንፈሳዊ እርካታው ነው። አውቆ የሚያባዝን ግን ይበድላል። ፍራንሷ ደ ሳል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሰጠው ምክር የበለጠ የዋህ ነው፤ ልብን ሳይቆጡ፣ በእርጋታ መመለስ፣ ደጋግሞም ቢሆን።

የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ በ1577 «የነፍስ ግንብ» የተባለውን መጽሐፏን ስትጽፍ በገዛ ራሷ ውስጥ የሚጮኽ ሁካታ ያስቸግራት ነበር። ሐሳብን ከወፍጮ ጋር ታመሳስለዋለች፤ ወፍጮው እያንኳኳ ይዙር፣ እኛ ዱቄታችንን እንፈጫለን ነው ነገሩ። የቫርሙስትራትን ሌሊት ከዚህ ምክር የተሻለ የሚገልጸው የለም። በግእዝ ሥርዓት፣ በኦርቶዶክሱም በካቶሊኩም፣ የባዘነ ልብን የመመለሱ ሥራ የዲያቆኑ ነው። ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ እያለ በየመሐሉ የሚያሰማው ጥሪ የተበታተነውን ጉባኤ ይሰበስባል። የዝምታው ዑደት ዲያቆን የለውም።

ጸሎትን ሰው ሲያቋርጠው

ልብ መባዘንና በሰው መቋረጥ ለየብቻ ይታያሉ። ስለ ሮማዋ ፍራንቸስካ (1384–1440) የሚነገረው ታሪክ ባለትዳሮች ዘንድ ይወደዳል፤ ባሏ አራት ጊዜ ቢጠራት አራት ጊዜ አንዱን አንቀጽ አቋርጣ ሄደች፣ ስትመለስም አንቀጹ በወርቅ ተጽፎ አገኘችው። ቪንሰንት ደ ፖል ደግሞ ለድሃ ሲባል ጸሎትን ትቶ መነሣት እግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር መተው ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ1839 ወደ ሀገራችን የመጣው ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ የዚሁ የቪንሰንት ማኅበር አባል ነበር።

ዘ ሄግ

የዘ ሄግ ክፍል በሆነው በስኬፈኒንገን የሚገኘው ኦራንየሆቴል፣ ጀርመኖች ኔዘርላንድስን በወረሩበት ዘመን የደች ተቃዋሚዎችን ያሰሩበት ወኅኒ፣ በጸሎት ታሪክ የሚጠቀሰው በካርሜላዊው ቲቶ ብራንድስማ ነው። የተወለደው በ1881፣ ዑደቱ በተጀመረበት ዓመት ነው። የካቶሊክ ጋዜጦች የናዚን ማስታወቂያ እንዳያትሙ በማስተባበሩ በጃንዋሪ 1942 ተያዘና እዚህ ለብቻው ታሰረ። በክፍሉ ውስጥ ለራሱ የቀን ሥርዓት አወጣ፤ ጸሎቱ፣ ጽሑፉና መመላለሱ ሰዓት ተመደበላቸው። ክፍሉ የገዳም ደወል ባይኖረውም ሥርዓቱ ቀጠለ ማለት ነው። በጁላይ 26 ቀን 1942 በዳካው ማጎሪያ ካምፕ ሞተ፤ በሜይ 15 ቀን 2022 ቅድስናው ታወጀ።

ሮተርዳም

የሮተርዳም ሀገረ ስብከት በ1955 ከሃርለም ተለይቶ ተመሠረተ፤ ዘ ሄግም በሥሩ ነው። በሮተርዳም መሐል ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሞ የነበረው የሮዛሊያ ቤተ ክርስቲያን በሜይ 14 ቀን 1940 የአየር ድብደባ ወድሟል። ካቴድራሉ በማተነሰርላን ጎዳና የሚገኘው የቅዱስ ሎውረንስና የቅድስት ኤልሳቤጥ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሀገረ ስብከቱም ቡድኖች ለዑደቱ ወደ አምስተርዳም ይሄዳሉ።