«አቤት» የሚል ተጠሪ፦ የበይነ መረብ አቤቱታ ምንድን ነው?

ላስታ ውስጥ ከሸለቆ ማዶ ስሙን የተጠራ ሰው «አቤት!» ይላል። ያው ሰው ወሰኑ ሲገፋበት ወይም ፍርድ ሲጓደልበት ሹም ፊት ቆሞ የሚያሰማው ቃልም «አቤት!» ነው። የመጀመሪያው የተጠራ ሰው መልስ ነው፤ ሁለተኛው ሰሚ የሚፈልግ ሰው ጥሪ። «አቤቱታ» የተወለደው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ፍርድ ቤቶቻችን ደግሞ አቤቱታ የቀረበበትን ወገን «ተጠሪ» ይሉታል። ተጠርቷልና በተራው «አቤት» ማለት አለበት።

ወደ ቃሉ የመለሰኝ የስልካችን ነገር ነው። «እባካችሁ ፈርሙ፤ ለሌላም አጋሩ» የሚል መልእክት ከነማስፈንጠሪያው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ያልደረሰው ሰው ጥቂት ነው። ላኪው ነገሩን «ፔቲሽን» ይለዋል፤ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ ሳያጣራ ይፈርማል፣ ወይም ያልፈዋል። የዛሬው ቃላችን ይኸው ነው፤ በአማርኛ «የበይነ መረብ አቤቱታ» እንበለው።

ፍቺው

የበይነ መረብ አቤቱታ ማለት ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ሥር ስማቸውን በበይነ መረብ አስፍረው፣ መወሰን ለሚችል ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ አካል የሚያቀርቡት የጋራ ጥያቄ ነው። በፍቺው ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱንም መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ማመልከቻ ስንጽፍ ከላይ «ለ…» ብለን የምንጽፍለትን እንጠቅሳለን፤ ቀጥለን «ጉዳዩ፦» እንላለን፤ ከታች እንፈርማለን። የበይነ መረቡም አቤቱታ ከዚህ አያልፍም። አዲስ የሆነው ከታች ያለው ፊርማ አንድ መሆኑ ቀርቶ አሥር ሺህ መሆን መቻሉ፣ ፈራሚዎቹም አንድ ቦታ መሰብሰብ ሳያስፈልጋቸው መቅረቱ ነው።

ከዚህ ሲነሣ፣ በሃሽታግ የሚካሄድ ዘመቻ የበይነ መረብ አቤቱታ አይደለም። ሃሽታግ ድምፅ ያበዛል፣ ግን «ለ…» የሚል መስመር የለውም። የሕዝብ አስተያየት መሰብሰቢያ መጠይቅም አይደለም፤ መጠይቁ ምን ታስባለህ ይላል እንጂ ይህ ይደረግልን አይልም።

ለምን «አቤቱታ»?

ሌሎች እጩ ቃላት ነበሩ። «ማመልከቻ» ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ሥራ የሚፈልግም፣ ፈቃድ የሚጠይቅም ያመለክታል፤ የጋራነትና የበደል ስሜት የለውም። «ስሞታ» አንድ ሰው በሌላው ላይ ለሦስተኛ ሰው የሚናገረው ነው። «እሮሮ» ሰሚ ባይኖርም ይሰማል። «ፊርማ ማሰባሰብ» በብዙዎች አፍ የገባ ነው፤ ችግሩ መንገዱን እንጂ መድረሻውን አለመናገሩ ነው። ፊርማ ከተሰበሰበ በኋላ የት እንደሚሄድ ካልታወቀ የተሰበሰበው ስም ብቻ ነው።

«አቤቱታ» ከሁሉ የሚሻለው ሰሚን በውስጡ ስለያዘ ነው። ሕግም ይደግፈዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የመሰብሰብንና የሰላማዊ ሰልፍን ነፃነት ከደነገገ በኋላ እዚያው ላይ «አቤቱታ የማቅረብ መብት»ን ያስቀምጣል። ቃሉ ስላለን የሚያስፈልገን መንገዱን የሚነግር ቅጽል ብቻ ነው፤ «የበይነ መረብ»።

ድሮስ?

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ለንጉሥ አቤት ከማለት ግን ታቅቦ አያውቅም። ነገሥታቱ ባረፉበት ሁሉ ተበዳይ ከደጅ ቆሞ «ጃንሆይ!» እያለ ይጮኽ ነበር። በኋላም በዙፋን ችሎት ፊት ለመቆም ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣ ነበረ፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መኪናቸው ፊት ወድቆ ወረቀቱን የሚዘረጋም ነበረ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሳይቀር ተገዢዎች ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችሉ ደንግጓል። መጻፍ ላልቻለ ሰው ከፍርድ ቤት አጥር ሥር የሚቀመጥ ጸሐፊ ነበረለት፤ መፈረም ላልቻለ ደግሞ አውራ ጣቱ ነበረች። ቀለም ተቀብታ ወረቀቱ ላይ ታርፋለች። ዛሬም ስልክ ላይ የሚፈርመው ያው አውራ ጣት ነው፤ ቀለሙ ብቻ ቀርቷል።

አሠራሩ

ጉዳይ ያለው ሰው ለዚህ በተሠራ ገጽ ላይ አቤቱታውን ይጽፋል። ከእነዚህ ገጾች በዓለም የታወቀው በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቼንጅ ዶት ኦርግ ነው። አንባቢው ስሙንና ኢሜይሉን አስገብቶ ይፈርማል፤ ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። እንዲህ ያሉ ገጾች የግል ናቸው፤ ሚሊዮን ቢፈረምባቸውም ማንንም መልስ የመስጠት ግዴታ ውስጥ አያስገቡም።

ሁለተኛው ዓይነት መንግሥት ራሱ የሚከፍተው ነው። በእንግሊዝ የፓርላማ ገጽ ላይ የቀረበ አቤቱታ 10,000 ፊርማ ሲያገኝ መንግሥት መልስ ይሰጣል፤ 100,000 ሲደርስ በፓርላማ ለክርክር ይታሰባል። የሚፈርመው ዜጋ ወይም የአገሪቱ ነዋሪ ነው፤ ፊርማው የሚቆጠረውም በኢሜይል ሲረጋገጥ ነው። በአሜሪካም የዋይት ሐውስ የአቤቱታ ገጽ በ2011 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በኋላ 100,000 ፊርማ በ30 ቀን ላገኘ መልስ እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አስተዳደሩ ሲቀየር ቀረ። ተስፋው የባለሥልጣን ፈቃድ እንጂ ሕግ ስላልነበረ ከባለቤቱ ጋር ሄደ።

በእኛ አገር አንቀጽ 30 መብቱን ሰጥቷል። ስንት ሰው ሲፈርም፣ ማን፣ በስንት ቀን ይመልሳል የሚለውን ግን አንቀጹ አይናገርም። ለሰላማዊ ሰልፍ እንኳ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ብሎ ሥርዓት አበጅቶለታል። ለአቤቱታ ቅርቡ በር በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ የአስተዳደር በደል የደረሰበት ሰው የሚሄደው ወደ እሱ ነው።

ከጋሸና ወደ ደቡብ

ነገሩን በአገር ምሳሌ እንየው፤ ከጋሸና እንነሣ። ጋሸና የመንገድ መገናኛ ናት። ከወልድያ የመጣ ወደ ደብረ ታቦር ያልፍባታል፤ ወደ ላሊበላ የሚሄድ በሰሜን ይታጠፍባታል፤ ወደ ደቡብ ደግሞ በኮን በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ይወረዳል። በዚህ በደቡቡ መንገድ ያለ አገር ስለ አቤቱታ የሚያስተምረው አለ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር አስጎትተው መቅደላ ያደረሱት በዋድላና በደላንታ በኩል ነው። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦርም የመጣው ላስታን አቋርጦ በዚያው በዋድላና በደላንታ በኩል ነው። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ታቦት፣ ዘውድና ጽዋ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወጣ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1864 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ክብረ ነገሥትንና ኲርዐተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል። ያለ መጽሐፉ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ምክንያታቸውን ገለጹ። ብሪቲሽ ሙዚየም መጽሐፉን መለሰ፤ ሥዕሉ የት እንዳለ አልታወቀም ተባለ። አንድ ማኅተም፣ አንድ ተጠሪ፣ ሁለት ጥያቄ፤ ግማሹ ተሳካ።

ከዚያ በኋላ ፊርማው በዛ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአክሱም ሐውልት ከሮም ይመለስ ሲባል ምሁራንም የአክሱም ነዋሪዎችም በወረቀት ፈርመዋል። ጣሊያን በ1947 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ውል ሐውልቱን ለመመለስ ግዴታ ገብታ ስለነበር፣ ፊርማው ያስታወሰው የነበረን ዕዳ ነው፤ ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ። የመቅደላው ጥያቄ ግን ዛሬም በበይነ መረብ ገጾች ላይ እየተፈረመ ግድግዳ ይገጥመዋል። ብሪቲሽ ሙዚየም የሚያሳየው እ.ኤ.አ. የ1963ን ሕግ ነው፤ ከስብስቡ ዕቃ እንዳይሰጥ ይከለክለዋል ይላል። ዊንዘር የተቀበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል አለማየሁ ዐፅም እንዲመለስ የቀረበውንም ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልተቀበለም። በተቃራኒው በሙዚየሙ ሕግ የማይታሰረው ዌስትሚኒስተር አቢ በ2016 ዓ.ም. በእጁ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማማ። እንግዲህ ሕግ የከለከለውን ሰው አሥር ጊዜ ከመጥራት ሕጉን መለወጥ የሚችለውን አንድ ጊዜ መጥራት ይሻላል። የሙዚየሙ ጉዳይ ትክክለኛ «ለ…» የሙዚየሙ ኃላፊ አይደለም፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ነው።

ከጋሸና ወደ ሰሜን

በላሊበላ በኩል ያለው ምሳሌ ሌላ ነው። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አምስቱን የሚሸፍኑት አራት ከባድ መጠለያዎች በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተተከሉ። ከዝናብ ያድናሉ የተባሉት መጠለያዎች ራሳቸው ስጋት ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ በማኅበራዊ ሚዲያም ላሊበላን አድኑ የሚለው ጥሪ ተሰማ። በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉዳዩን ፓሪስ ላይ አነሡት፤ በመጋቢት የፈረንሣዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ራሳቸው ላሊበላ መጡ። መጀመሪያ እግር ነበር፤ ስልኩ ድምፁን አሻገረው።

ይህ ለጋሸና ሰው ዋና ቁም ነገር ነው፤ ስልክ ሁልጊዜ አይታመንማ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ላስታ የተፈረመ የበይነ መረብ አቤቱታ ቢኖር የፈረመው ከላስታ ውጭ ያለ ሰው ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። የተቃዋሚ ፖለቲከኛው አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በ2006 ዓ.ም. ሰነዓ ላይ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ፣ ለንደን ያሉ ቤተሰቦቻቸው በቼንጅ ዶት ኦርግ ፊርማ አሰባስበው የእንግሊዝን መንግሥት ሲጠይቁ ቆይተዋል። የእንግሊዝ ዜጋ ነበሩና ተጠሪው ትክክለኛው ነበር፤ የተፈቱት በ2010 ዓ.ም. ነው። ነውሩ የሚመጣው ባለጉዳዩ ሳያውቅ ሌላው በስሙ ሲጮኽ ነው።

እስቲ እንሞክረው። እንበልና አንድ የጋሸና ሠፈር የውሃ ቧንቧ ደርቆበታል። «መንግሥት ለጋሸና ውሃ ይስጥ» የሚል ገጽ ተከፍቶ ከዋሽንግተን እስከ ደሴ ሺዎች ቢፈርሙ፣ «መንግሥት» የሚባል ሰው ቢሮ የለውምና ወረቀቱን የሚቀበል አይገኝም። አሁን ይህን አስተያዩት፦ «ለ፦ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በዚህ ሠፈር ከዚህ ቀን ጀምሮ የተበላሸው ፓምፕ እንዲጠገን። ግልባጭ፦ ለዞኑ ውሃ መምሪያ»። ሥሩ ላይ ሁለት መቶ የሠፈሩ ሰው ይፈርማል፤ ኢንተርኔት ያለው በስልክ፣ የሌለው በወረቀት፤ የውጭ ወዳጆች ለብቻቸው «ደጋፊዎች» ተብለው ይቆጠራሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌና አንዲት መምህርት ታትሞ የወጣውን ይዘው መዝገብ ቤት ይሄዳሉ፤ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይቀበላሉ። ጽሕፈት ቤቱ አልደረሰኝም ማለት የማይችለው ያኔ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ድሩ ወደ አንበሳው ሲዘረጋ ነው።

ፈራሚም ይጠንቀቅ። ስም፣ ስልክና መኖሪያ የሚጠይቅ ገጽ መረጃውን ለማን እንደሚያሳይ ሳይታወቅ አይፈረምም፤ በተለይ ጉዳዩ ሰው የሚያስቆጣ ሲሆን። እንደ ፋይዳ ያለ ዲጂታል መታወቂያ አንድ ሰው አንዴ ብቻ መፈረሙን ሊያረጋግጥ ይችል ይሆናል፤ ያንኑ ያህል የፈረመውን ሰው ለማግኘትም ይቀላል።

በዐረፍተ ነገር ሲገባ

«ቤተ መጻሕፍታችን እንዳይፈርስ የበይነ መረብ አቤቱታ ከፍተናል፤ የጻፍነው ለከተማው ከንቲባ ነው።»

«ከመፈረምህ በፊት ተጠሪው ማን እንደሆነ አንብብ።»

«አቤቱታው አራት ሺህ ፊርማ ሞልቶ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ተጠሪው ግን ገና አቤት አላለም።»