ላም አለኝ ከመሬት በታች

አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ተርተዋል። ተረቱ ለማዕድን ኩባንያ አክሲዮን ገዢ የተነገረ ይመስላል። ልዩነቱ፣ የእርሱ ላም ያለችው በሰማይ ሳይሆን ከመሬት በታች መሆኑ ብቻ ነው። ወርቁ አለ ይባላል፤ መዳቡ አለ ይባላል፤ ገዢው ግን አያየውም። በእጁ የያዘው ወረቀት ነው። ታዲያ ያልታየ ሀብት ዋጋው ስንት ነው?

ለዚህ ጥያቄ በተለያየ ዘመን ሦስት ሰዎች የሰጡትን መልስ ማስታወስ እወዳለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጀርመናዊው ሐኪምና የማዕድን ሊቅ አግሪኮላ ነው። «ዴ ሬ ሜታሊካ» የተሰኘው የላቲን መጽሐፉ የታተመው እርሱ ባረፈ በዓመቱ፣ በ1556 ነበር። በዚያ ዘመን የማዕድን ጉድጓድ በድርሻ ተከፋፍሎ ይሸጥ ነበርና፣ አግሪኮላ ድርሻ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ወደ ስፍራው ሄዶ የማዕድኑን ሥር በዐይኑ እንዲመረምር፣ ከአታላይ ሻጮችም እንዲጠነቀቅ መክሯል። የእርሱ መልስ «ሂድና እይ» የሚል ነው።

ሁለተኛው አሜሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ኸርበርት ሁቨር ነው። ሁቨር በስታንፎርድና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የሰጣቸውን ትምህርቶች አሰባስቦ በ1909 ስለ ማዕድን ሥራ መርሆዎች መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም በመሬት ውስጥ ያለውን ማዕድን የተረጋገጠ፣ ሊኖር የሚችልና ተስፋ የሚጣልበት ብሎ በሦስት ከፈለው። «ሂድና እይ» የሚለው ምክር በእርሱ ዘንድ «ለካና አስላ» ሆነ። የሚገርመው፣ የአግሪኮላን የላቲን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1912 ያሳተሙትም ይኸው ሁቨርና ባለቤቱ ሉ ሄንሪ ናቸው።

ሦስተኛው ሰው መሐንዲስ አልነበረም። ቤንጃሚን ግራሃም በ1894 በለንደን ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። አባቱ በ1903 ሞተ። እናቱ በ1907ቱ የገንዘብ ቀውስ ወቅት፣ በብድር በገዛችው የብረታ ብረት ኩባንያ አክሲዮን የነበራትን አጣች። ልጁ በድህነት ቢያድግም በትምህርቱ የሚተካከለው አልነበረም። በ1914 ከኮሎምቢያ ሲመረቅ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በፍልስፍና ክፍሎች እንዲያስተምር ሦስቱም ጋበዙት። እርሱ ግን ወደ ዎል ስትሪት ሄደ። ሥነ ጽሑፍን ልቡ አልተወም። በስተ እርጅናው የኡራጓያዊውን ደራሲ የማሪዮ ቤኔዴቲን ልብ ወለድ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል፤ በሒሳብ መዝገቦች መካከል ጡረታውን እየጠበቀ ስለሚኖር፣ ሚስቱ ስለሞተችበት ጸሐፊ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው።

የግራሃም የመጀመሪያ ታላቅ ድል ከማዕድን ጋር የተያያዘ ነበር። በ1915 ጉገንሃይም ኤክስፕሎሬሽን የተባለው ኩባንያ ሊፈርስ መሆኑ ተሰማ። ኩባንያው እንደ ኬኔኮትና ቺኖ ባሉ የመዳብ ኩባንያዎች ውስጥ ብዙ አክሲዮን ነበረው። ወጣቱ ግራሃም ወደ መዳቡ ጉድጓድ አልወረደም። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ፤ ኩባንያው የያዛቸውን አክሲዮኖች በዕለቱ የገበያ ዋጋ ደመረ። አንዱ የጉገንሃይም አክሲዮን በ68.88 ዶላር ይሸጣል፤ በውስጡ ያለው ሀብት ግን 76.23 ዶላር ያወጣል። ሰባት ዶላር ከ35 ሳንቲም በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። በ1917 ኩባንያው ፈርሶ ሀብቱ ሲከፋፈል ስሌቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና ብልህነት ከመከራ አያድንም። ከ1929 እስከ 1932 በነበሩት ዓመታት ግራሃም የሚያስተዳድረው ገንዘብ ከመቶ 70 እጁ ጠፋ። የኒውዮርክ ገበያ መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ በመስከረም 1929 ከነበረበት 381 በሐምሌ 1932 ወደ 41 ወረደ። በዚያን ጊዜ በዋይት ሐውስ የተቀመጠው ፕሬዚዳንት፣ የማዕድንን ዋጋ እንዴት መተመን እንደሚገባ መጽሐፍ የጻፈው ያው ኸርበርት ሁቨር ነበር።

ግራሃም በዚያው በ1932 በፎርብስ መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። ጥያቄው የሚያስደነግጥ ነበር፦ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከሕይወታቸው ይልቅ ሞታቸው ይበልጥ ያወጣልን? በእርሱ መሪነት በኮሎምቢያ በተደረገው ጥናት ከ600 ኢንዱስትሪዎች መካከል ከ200 የሚበልጡት፣ ማለትም ከሦስት አንዱ ያህል፣ ፋብሪካቸው ሳይቆጠር በእጃቸው ካለው ተንቀሳቃሽ ሀብት በታች ይሸጡ ነበር። በ1934 ከዴቪድ ዶድ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ትዝብት ወደ መለኪያ ለወጠው።

መለኪያው ቀላል ነው። ጥሬ ገንዘብን፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበውን ሒሳብና በመጋዘን ያለውን ዕቃ ደምር። ከዚህ ላይ የዛሬውንም የሩቁንም ዕዳ ሁሉ ቀንስ። ሕንፃውን፣ ማሽኑን፣ ጉድጓዱን እንደ ምንም ቁጠራቸው። ለተረፈውም ቢሆን ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ክፈል።

አንድ የመዳብ ኩባንያ በሐሳባችን እናቁም። 10 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ፣ 5 ሚሊዮን ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ 6 ሚሊዮን የሚያወጣ የመዳብ ክምችት አለው፤ ድምሩ 21 ሚሊዮን። ዕዳው 6 ሚሊዮን ነውና 15 ሚሊዮን ይተርፋል። አክሲዮኖቹ 3 ሚሊዮን ቢሆኑ ለእያንዳንዱ 5 ዶላር ይደርሰዋል። ከሦስት እጅ ሁለቱ 3 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው። አሁን ኩባንያው በችኮላ ይዘጋ እንበል። በግራሃምና በዶድ ግምት በእንዲህ ያለ ጊዜ ከተሰብሳቢው ሒሳብ ከመቶ 80፣ ከክምችቱ ደግሞ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ቢገኝ ነው። ድምሩ ወደ 18 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ዕዳው ተከፍሎ ለአንድ አክሲዮን 4 ዶላር ይቀራል። በ3 ዶላር ከ33 የገዛው ሰው በኩባንያው የቀብር ቀን እንኳ አልከሰረም። በጉድጓዱ ውስጥ የቀረ መዳብ ካለ፣ እርሱ ምርቃት ነው።

ለማዕድን ኩባንያ ግን ይህም ጥንቃቄ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በደጅ የተከመረው ድንጋይ ገና ሳይፈጭና ሳይጣራ ገንዘብ አይደለም። የተቆፈረውን መሬት መልሶ የማቅናት ግዴታም ቀኑ ቢርቅም ዕዳ ነው። ከሁሉ በላይ፣ ፍለጋ ላይ ያለ ኩባንያ ገንዘቡ እንደ ሻማ ይቀልጣል። ዛሬ 12 ሚሊዮን የተጣራ ሀብት ኖሮት ገቢ ሳያገኝ በዓመት 3 ሚሊዮን የሚያወጣ ኩባንያ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሹን በልቶታል። ስለዚህ ገዢው የዛሬውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበትንም ቀን መቁጠር አለበት።

ይህ ሁሉ ቁጥብነት ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ ቡሳንግን ያስታውስ። በ1990ዎቹ ብሬ-ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ደኖች ውስጥ እጅግ ብዙ ወርቅ እንዳገኘ አስታወቀ። ምንም ያልሸጠው ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ተደምሮ ከ6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ሆነ። በ1997 ገለልተኛ ባለሙያዎች ቦታውን እንደገና ሲመረምሩ፣ የድንጋዩ ናሙና ወርቅ ተነስንሶበት እንደነበር ታወቀ። ሊወጣ የሚችል ወርቅ አልነበረም። የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ገንዘብ ሳይቀር አብሮ ጠፋ። «ሂድና እይ» ላለው ለአግሪኮላ የታየው ውሸት ነበር፤ «ለካና አስላ» ላለው ለሁቨርም የተለካው ውሸት ነበር። የግራሃምን መለኪያ የያዘ ሰው ግን ወደ ደኑ መሄድ እንኳ አያስፈልገውም፤ የሀብትና የዕዳ መግለጫውን ገልጦ፣ ከአክሲዮን ገዢዎች ከተሰበሰበው ገንዘብ በቀር እምብዛም እንደሌለ አይቶ ይመለስ ነበር።

መለኪያው ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። የሚተምነው የሕይወትን ሳይሆን የሞትን ዋጋ ነው። ጉድጓዱ ሲዘጋ ሥራ የሚያጣው ቆፋሪ፣ ባዶ የምትቀረው መንደር በዚያ ገጽ ላይ አይታዩም። መልካሙንም ያሳልፋል። ግራሃም ራሱ በ1948 በዚህ መለኪያ ሊገዛ የማይችለውን ጋይኮ የተባለ የመድን ድርጅት እኩሌታ ገዝቶ፣ ከሌላው ሥራው ሁሉ ድምር የበለጠ ትርፍ ያገኘው ከዚያ ነው። ይህንንም አልደበቀም፤ ጽፎታል።

እኔ ግን የመለኪያው ባለቤት የእናቱን ኪሳራ ያየ ልጅ መሆኑን አልረሳም። የደረቀ የሚመስለው የሒሳብ ደንብ ከአንዲት መበለት ቤት ሐዘን የተቀዳ ነው። ግራሃም ላሟ የለችም አላለንም። ክፈሉ ያለን ግን በግሬራው ውስጥ ላለው ወተት ብቻ ነው።