«ታዲያ የት ይሂድ?» የመንገድ ክፍፍል ታሪክ ከኔታንያ ታሃና መርካዚት ሲታይ

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ሁላችንም ታሃና መርካዚት በምንለው ቦታ፣ ከአያቴ ጋር አውቶቡስ እየጠበቅን ነበር። አያቴ የገበያ ጋሪዋን ይዛ በሚድራኻው፣ ማለት በእግረኛው መንገድ ዳር ቆማለች። አንድ ልጅ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ከኋላዋ መጥቶ ክንዷን ሊገጫት ትንሽ ሲቀረው አለፈ። ልጁ የእኛው ልጅ ነው፤ ዕድሜው ቢበዛ 17 ቢሆን ነው። ዞር ብሎ «ስሊኻ፣ እማማ!» አለና ከሚድራኻው ወርዶ አስፋልቱ ውስጥ ገባ። እዚያ ደግሞ ከኋላው የመጣ ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀበት፤ ሾፌሩም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰደበው። ልጁ ደንግጦ እንደገና ሚድራኻው ላይ ወጣ።

እኔ ልጁን ተከትዬ ልቆጣው ስል አያቴ እጄን ያዘችና «ተወው። ታዲያ የት ይሂድ?» አለችኝ።

እቤት ከገባሁ በኋላም ጥያቄዋ አልወጣልኝም። አያቴ ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግሯ የሄደች ሰው ናት፤ ስለ መንገድ ስትናገር ቀልድ የላትም። ብዙ ጊዜ የምንከራከረው «ማን ባለጌ ነው?» በሚለው ላይ ነው። ሾፌሩ ብስክሌተኛውን፣ ብስክሌተኛው ሾፌሩን፣ አሮጊቷ ሁለቱንም ትወቅሳለች። የእሷ ጥያቄ ግን ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ ቦታ ነው። መንገዱን ለእነዚህ ሰዎች የከፋፈለው ማን ነው? መቼስ ነው የከፋፈለው? ይኼ ደግሞ የታሪክ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የለሰለሰ መንገድ የጠየቀው ማን ነበር?

ዛሬ ሾፌሮች ብስክሌተኛን «ከመንገዳችን ውረድ» ሲሉት፣ አስፋልቱ ከጥንት ጀምሮ ለመኪና የተሠራ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሁለት እኩል ጎማ ያለው፣ የዛሬውን የሚመስለው ብስክሌት በእንግሊዝ አገር የወጣው በ1885 ነው። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ የተባለው ሰው በአየር የሚሞላውን ጎማ በቤልፋስት ሠራ። ከዚያ በኋላ ብስክሌት በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ እሳት ተስፋፋ። ችግሩ መንገዱ ነበር፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። በአሜሪካ በ1880 የተቋቋመው የብስክሌተኞች ማኅበር «ጥሩ መንገድ ይሠራልን» ብሎ መንግሥትን መወትወት ጀመረ። መኪና በብዛት ሳይታይ በፊት ለስላሳ መንገድ ከጠየቁት መካከል ዋነኞቹ ብስክሌተኞች ናቸው ማለት ነው።

መኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፒተር ኖርተን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር እንዳሳየው፣ በ1920ዎቹ የአሜሪካ ከተሞች ሕዝብ በመኪና ላይ በጣም ተቆጥቶ ነበር። መንገድ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ነጋዴ የሚሸጥበት፣ ሰው የሚሻገርበት የጋራ ቦታ ስለነበር፣ ልጅ ሲገደል ጥፋተኛው ሾፌሩ ነበር። የመኪና ነጋዴዎችና የባለ መኪና ማኅበራት ይህን አስተሳሰብ ለመገልበጥ ብዙ ሠሩ። መንገድ አቋርጦ የሚያልፈውን እግረኛ እንደ ገጠሬ ሞኝ የሚያስቆጥር ስድብ ተስፋፋ፤ ቀጥሎም ሕግ ወጣ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መንገዱ የመኪና ሆነ፤ ሌላው ሰው ዳር ያዘ። ይኼ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሰዎች ተከራክረው ያሸነፉት ነገር ነው።

በአገራችን መኪናና ብስክሌት እንዴት ገቡ?

ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና ያዩት በ1907 መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ አመጣት። አውራ ጎዳና በብዛት የተሠራው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ይህም ቋንቋችን ውስጥ ቀርቷል። «መኪና»፣ «ጎማ»፣ «ማርሽ»፣ «ፍሪሲዮን» እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዕብራይስጡ ሌላ መንገድ ሄደ፤ «መኾኒት» የሚለውን ቃል ኢታማር ቤን አቪ «መኾና» ከሚለው ፈጠረው። «ኦፋናይም» ደግሞ «ኦፋን»፣ ማለት መንኮራኩር፣ ከሚለው የነቢዩ ሕዝቅኤል ቃል የወጣ ሲሆን «ሁለት መንኮራኩር» ማለት ነው። እናንተ ሁለቱን ቋንቋ የምትናገሩ ልጆች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሮምንም የነቢዩንም ቃል ትጠቀማላችሁ።

መንገድና ክብር እንደሚያያዙም በዚያ ዘመን ታየ። በአስመራ ጣሊያኖች የብስክሌት ውድድራቸውን ለብቻቸው ያደርጉ ነበር፤ ኤርትራውያን በክለቦቻቸው አይገቡም ነበር። በ1939 ሁለቱ ወገኖች አብረው በተወዳደሩበት ውድድር ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ኤርትራዊ አሸነፈ። ወሬው እስከ ዛሬ ድረስ የሚተረከው ስለ ስፖርቱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ መንገድ ላይ እኩል መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። በኋላም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ በ1956 በሜልበርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ።

አንድ ጦርነት፣ ሦስት ዓይነት መንገድ

አሁን ወደ ጥቅምት 1973 እንምጣ። በዮም ኪፑር ቀን፣ አያቶቻችን አስተሥርዮ በሚሉት በዓል፣ ጦርነት ተነሣ። ነዳጅ አምራች የዓረብ አገሮች እስራኤልን ደገፉ ባሏቸው አገሮች ላይ፣ በተለይ በአሜሪካና በኔዘርላንድስ ላይ፣ ማዕቀብ ጣሉ። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ተሰቀለ። ከዚያ የሆነውን በሦስት አገሮች መንገድ ላይ እንየው።

በኔዘርላንድስ ከኅዳር 4 ቀን 1973 ጀምሮ እስከ ጥር 1974 መጀመሪያ ድረስ እሑድ እሑድ መኪና መንዳት ተከለከለ። ሰዎች በአውራ ጎዳናው ላይ በብስክሌት፣ በፈረስና በእግር ወጡ። ግን ያ ብቻውን ምንም ባላመጣ ነበር። በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተው ነበር፤ ከእነሱ ውስጥ ከ400 በላይ ልጆች ናቸው። ወላጆች «የልጆች ግድያ ይቁም» የሚል ንቅናቄ አቋቁመው መንገድ እየዘጉ ይሰለፉ ነበር። የወላጆቹ ቁጣና ባዶው እሑድ አንድ ላይ ሲገናኙ መንግሥት መንገዱን እንደገና ማካፈል ጀመረ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ በሄግና በቲልቡርግ ለብስክሌት ብቻ የተለዩ መንገዶች ለሙከራ ተሠሩ። ዛሬ በዚያ አገር ከሰው ይልቅ ብስክሌት ይበዛል። «ደች ሲፈጠር ብስክሌተኛ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት።

በአዲስ አበባ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ፤ ታክሲ ነጂዎቹ ግን ታሪፍ እንዲጨምሩ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ማለት በየካቲት 1974፣ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም አድማ መቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከቀናት በኋላ የነዳጁን ዋጋ ቀነስ ቢያደርጉም ነገሩ አልበረደም። የወሎ ረኃብ፣ የወታደሩ ደመወዝ፣ የመሬት ጥያቄ ሁሉ ተደራርበው በመስከረም ወር ዙፋኑ ወደቀ። ስለዚያ አብዮት ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ክብሪቶች አንዱ ግን የታክሲ ነጂ ኑሮ ነበር። ይህን የምለው ለሾፌርም ማዘን ስለሚገባ ነው። ያ ጥሩምባውን የለቀቀው ሚኒባስ ነጂም በሰዓት ተይዟል፤ ከበላዩ አለቃ፣ ከኋላው የሚጮህ ተሳፋሪ አለበት።

በእስራኤልስ? ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ወራት እያንዳንዱ ባለ መኪና በሳምንት አንድ ቀን መርጦ መኪናውን እንዲያቆም ታዘዘ፤ የመረጠው ቀን በመስታወቱ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይታወቅ ነበር። ነዳጁ ሲገኝ ትእዛዙ ቀረ፤ መንገዱም ወደ መኪናው ተመለሰ። እዚህ የቀረልን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ አስተሥርዮ። ያን ቀን አያቶቻችን ጾመውና ነጭ ለብሰው በእግራቸው ወደ ምኩራብ ይሄዳሉ፤ ልጆች ደግሞ መኪና በሌለበት ጎዳና ላይ በብስክሌት ይበራሉ። ብዙዎቻችን ብስክሌት የተማርነው በዚያ ቀን ነው። መንገዱ ለሁሉም እንደሚበቃ በዓይናችን አይተናል። በማግስቱ ግን እንረሳዋለን።

ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ዛሬ

ብስክሌት «የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ካለ ባሕር ዳርን ይጠይቅ። ጎንደር ተራራማ ስለሆነች አያቶቻችን ብስክሌት ብዙም አላዩም፤ ከጎንደር ወደ ደቡብ፣ ከጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳር ግን ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ሰፋፊ ጎዳናና ዘንባባ ያላት ከተማ ናት። ለብዙ ዓመታት ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው በሳይክል ሲመላለስባት ኖሯል። ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባጃጁ ተሳፋሪ ለማንሣት ዳሩን ይይዛል፤ ዳሩ ደግሞ የሳይክሉ ቦታ ነበር። ጠቡ ከኔታንያው ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ምስኪኖች በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ይጣላሉ፤ መሐሉ ግን ለትልልቁ መኪና ተትቷል።

አዲስ አበባም ብዙው ሰው በእግሩ የሚሄድባት ከተማ ሆና ሳለ ለረጅም ጊዜ መንገዷ ለመኪና ሲሠራ ቆይቷል። በታኅሣሥ 2018 «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎችን ለመኪና መዝጋት ተጀመረ። በ2020 ደግሞ አገሪቱ እስከ 2029 የሚደርስ የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂ አወጣች። በ2024 በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዳር ታዩ። በልማቱ ምክንያት ከቤታቸው የተነሡ ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ከባድ ክርክር ነው፤ የመስመሩ መኖር ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ቢሆንም የመንገድ ክፍፍል በእኛም አገር የሚቀየር ነገር መሆኑን ያሳያል።

ወደ ታሃና መርካዚት ስንመለስ

ሕጉን እንወቅ። በእስራኤል የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመንዳት የሚፈቀደው ዕድሜ በ2016 ከ14 ወደ 16 ከፍ ብሏል። ሞተሩ ከ250 ዋት፣ በሞተር የሚሄድበት ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ወጣት የቲዮሪያ ፈተና አልፎ ልዩ ፈቃድ መያዝ አለበት። ካስዳ (የራስ ቁር) ማድረግ ግዴታ ነው፤ ጓደኛን ከኋላ መጫን ክልክል ነው። በሚድራኻ ላይ መንዳትም ክልክል ነው። የብስክሌት መስመር ካለ በእሱ፣ ከሌለ በአስፋልቱ ቀኝ ዳር ነው መሄድ። እንግዲህ ያን ልጅ አስቡት። ሕጉ ወደ አስፋልቱ ይልከዋል፤ አስፋልቱ ላይ አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ ከኋላው ይመጣል። ሚድራኻው ላይ ሲወጣ ደግሞ ሕግ ጣሰ፤ አያቴንም አስደነገጠ።

ለእኛ ልጆች ሌላም ነገር አለው። መንገድ ላይ የቆመ ፖሊስ «ና፣ ወረቀት አሳየኝ» ሲል ብዙዎቻችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት በማኅበረሰባችን ላይ የሚደረገውን ከመጠን ያለፈ የፖሊስ ቁጥጥር እንደ ችግር አንሥቷል። ስለዚህ አንድ ካስዳ ወይም አንድ ፈቃድ መያዝ ለእናንተ ከደኅንነትም በላይ ነው፤ ለማይገባ ጭቅጭቅ በር ይዘጋል። ይህን ስል ግን ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ ነው ማለቴ አይደለም።

የደች ወላጆች ያስተማሩን፣ መንገድ የሚከፋፈለው የጎደለውን ነገር ቆጥሮ በሚጠይቅ ሰው ነው። አንድ ሥራ ላስቸግራችሁ። ሦስት ጓደኛ ሆናችሁ ወደ ታሃና መርካዚት ሂዱ። አንድ ሰዓት ቁሙና በወረቀት ላይ ቁጠሩ፤ ስንት ብስክሌትና ኮርኪኔት አለፈ? ስንቱ በሚድራኻ፣ ስንቱ በአስፋልት? ስንት ጊዜ ነው አሮጊት ወይም ጋሪ የሚገፋ ሰው ቆሞ ያሳለፋቸው? ስንት ጊዜ ነው አውቶቡስ ፍሬን የያዘው? ውጤቱን በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ለከተማው ምክር ቤት አስገቡ፤ በአማርኛ ደግሞ ለአያቶቻችሁ አንብቡላቸው።

እኔ ለአያቴ ይህን ሁሉ ታሪክ በአጭሩ ነግሬያታለሁ። የሆላንዱን ስትሰማ ገረማት፤ የታክሲውን አድማ ግን ራሷ ታስታውሰዋለች፤ በጎንደር ገበያ ወሬው ደርሶ ነበር አለችኝ። በመጨረሻ «እና አሁን ያ ልጅ የት ይሂድ አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና መልስ አልሰጡም አልኳት።

«እንግዲያው ጠይቋቸዋ» አለችኝ።