የመኪና ፍጥነትና የሰፈር መንገድ



ዕድራችን ድንኳን ሲተክል የሟቹን አሟሟት አይጠይቅም። በሽታም ይሁን እርጅና፣ ጥሩምባው ከተነፋ መውጣት ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ዳቦ ሊገዛ ተልኮ በሰፈራችን አስፋልት ላይ መኪና የገጨውን የሰባት ዓመት ልጅ ከቀበርን ወዲህ ነገሩ በሆዳችን ሲብላላ ቆይቷል። በሰልስቱ ዕለት የሾፌሩ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ከልጁ እናት አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱም አለቀሱ። ማን ማንን እንደሚያጽናና ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ሾፌሩ አልሰከረም፤ ሲበር ነበር ያለ ሰውም አልተገኘም። እንደ ማንኛውም ሰው በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚነዳው። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ ቢሆንም በዓለም ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግር የኖረ ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ታሪኩን ባጭሩ ልናወሳ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት፣ የእኛ ነው ካላልን በስተቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በ1865 የወጣ አንድ ሕግ ነበር። በዚያን ዘመን በመንገድ ላይ የሚሄዱት በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ ከባድ መኪናዎች ሲሆኑ፣ ሕጉ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ2 ማይል፣ ማለትም ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ከ4 ማይል በላይ እንዳይሄዱ አዘዘ። ይህም አልበቃ ብሎ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ከፊት ከፊት በእግሩ እየሄደ መንገደኛውን እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ። ነገሩ ዛሬ ያስቃል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ ይኸውም መንገዱ የሰው ነው፣ መኪናው እንግዳ ነው የሚል ነው። እንግዳ ደግሞ በባለቤቱ ቤት ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

በ1896 ያ ሕግ ተሻረና ፍጥነቱ ወደ 14 ማይል ከፍ አለ። አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በነሐሴ ወር፣ ብሪጅት ድሪስኮል የተባሉ እናት ለንደን ውስጥ መኪና ገጭቷቸው ሞቱ። በዚያች አገር በቤንዚን መኪና ተገጭቶ የሞተ የመጀመሪያው እግረኛ እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። በ1903 ፍጥነቱ 20 ማይል ሆነ። በ1930 ደግሞ “ማንም አያከብረውም” ተብሎ ለትናንሽ መኪናዎች የነበረው ገደብ ጨርሶ ተነሣ። በእነዚያ ዓመታት በእንግሊዝ መንገዶች ላይ በየዓመቱ ከ7000 በላይ ሰው ይሞት ነበር። ይህም መኪናው ከዛሬው እጅግ ባነሰበት ጊዜ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሣ መንግሥት ሐሳቡን ለወጠና ከመጋቢት 1935 ጀምሮ ቤት ባለበት አካባቢ ሁሉ 30 ማይል፣ ማለት 48 ኪሎ ሜትር፣ እንዲሆን ወሰነ። ገደቡን ያነሣው ሕግ አምስት ዓመት እንኳ አልቆየም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኼ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ የከተማው መንገድ የበቅሎና የእግረኛ ነበር። ዛሬም ቢሆን የከተማችን ሕዝብ አብዛኛውን መንገዱን የሚሄደው በእግሩ ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ውስጥም አብዛኛው እግረኛ ነው። እንግዳው ባለቤት ሆነ፤ ባለቤቱ ጥግ ይዞ ቀረ ማለት ነው።

የነገሩ ለውጥ የመጣው ከኔዘርላንድ ነው። በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሲሞቱ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ልጁ የሞተችበት ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ ኀዘኑን ዋጥ አድርጎ አልተቀመጠም። “የልጆች ግድያ ይቁም” የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ፤ በዚሁ ስምም ማኅበር ተቋቋመ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ እየዘጉ፣ አስፋልቱ ላይ እያጫወቱ፣ ጉዳዩን ምክር ቤት ድረስ አደረሱት። በዚያው ዘመን ደልፍት በተባለችው ከተማ የሰፈር መንገዶች እንደ ግቢ ተቆጠሩ። ዛፍ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ ቀጥ ያለው መንገድ እንዲጠማዘዝ ተደረገ። መኪና እንዳይገባ አልተከለከለም፤ በእግረኛ ርምጃ ልክ ይግባ ተባለ እንጂ። በ1976 ይህ አሠራር በአገሪቱ ሕግ ታወቀ።

ቀጥሎ ጀርመኖች ተነሡ። ምዕራብ ጀርመን በ1957 በከተማ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትርን ደንግጋ ነበር። በ1983 በሐምቡርግ አጠገብ የምትገኝ ቡክስተሁደ የተባለች ትንሽ ከተማ ለሙከራ በሰፈር ውስጥ 30 ኪሎ ሜትር አደረገች። በ1992 የኦስትርያዋ ግራትስ ከዋና ዋና መንገዶች በስተቀር ከተማውን በሙሉ 30 አለች። መጀመሪያ የተቃወመው ብዙ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ደጋፊው በዛ። በ2019 የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ በአብዛኛው የመኖሪያ ሰፈርና በመሐል ከተማዋ 30ን አወጣች። በዚያ ዓመት አንድም እግረኛ በመኪና አልሞተባትም። ከ2024 ሐምሌ እስከ 2025 ሐምሌ ባለው አንድ ዓመት ደግሞ እግረኛም ሆነ ተሳፋሪ፣ አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተም። ይህ በምልክት ብቻ የመጣ አይደለም፤ መንገዱም ተጠግኗል፣ ካሜራም ተተክሏል፣ አውቶቡሱና ባቡሩም ተሟልቷል። ብራስልስና ፓሪስም በ2021 ተከተሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት 2020 የብዙ አገር ሚኒስትሮች በስቶክሆልም ተሰብስበው እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ ሐሳብ አቅርበዋል።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ብለን አናታልላችሁም። ዌልስ በ2023 በሰፈር መንገዶች 20 ማይል ስትደነግግ ከ450 ሺህ በላይ ሰው የተቃውሞ ፊርማ ፈረመ። መንግሥትም በማግሥቱ ዓመት አንዳንድ መንገዶች ወደ ቀድሞው እንዲመለሱ ፈቀደ። ነገር ግን ሕጉ በጠቅላላው አልተሻረም፤ በእነዚያ መንገዶች የሚጎዳው ሰው ቁጥርም ቀንሷል።

እስቲ አሁን 30ና 50 ምን ያህል እንደሚራራቁ እንይ። በ30 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ50 የሚሄደው ወደ 14 ሜትር። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ የ30ው መኪና በ13 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል፤ የ50ው ግን 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ ልጁ 13 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት ቢገባ፣ የመጀመሪያው መኪና እፊቱ ይቆማል። ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም፤ በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል። የእኛም ልጅ ነገር ይኸው ነው። ሾፌሩ ሰይጣን ስለሆነ አልነበረም፤ መንገዱ ጊዜ ስላልሰጠው ነው።

ከመካከላችን በሹፍርና የሚተዳደሩ፣ ታክሲ ያላቸው አባሎች እንዳሉ እናውቃለን። “ምልልስ ይቀንስብናል፣ ልጆቻችን ምን ይብሉ?” ሲሉ ሰምተናል። አነጋገራቸው እውነት አለው። ነገር ግን ዋናውን መንገድ አልነካንም። የምንጠይቀው ከዋናው መንገድ ታጥፎ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንድ ኪሎ ሜትር በ50 ሲነዳ 72 ሰከንድ፣ በ30 ሲነዳ 120 ሰከንድ ይፈጃል። ልዩነቱ 48 ሰከንድ ነው። አንድ ተሳፋሪ ሳንቲም ፈልጎ እስኪከፍል የሚያልፍ ጊዜ እኮ ነው።

ሌላም መናዘዝ ያለብን ነገር አለ። ከቀብሩ በኋላ አንዳንድ ጎረምሶቻችን ተናደው በሌሊት መንገዱ ላይ ድንጋይ ደረደሩ፤ በማግሥቱ አንድ ሞተረኛ ወድቆ እጁ ተሰበረ። ሌላ ልጅ ልንቀብር ምንም አልቀረንም ነበር። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ መንገድ በንዴት እንደማይሠራ ነው።

በመሆኑም ለዓመታዊ ጉባኤያችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ዕድራችን በማኅተሙ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎ በትምህርት ቤቱ መንገድ የ30 ምልክት፣ ብሬከር የምንለው ጉብታና ዜብራ በባለሙያ እንዲሠራ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ መኪና ያለን አባሎች ሁሉ ከሰፈሩ መታጠፊያ ጀምሮ ከ30 በላይ ላንነዳ ቃል እንግባ። ማንም የማያየን ቢሆን እንኳ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። ሦስተኛ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲወጡና ሲገቡ በተራ ቆመን እናሻግር።

ድንኳናችንም፣ ወንበራችንም፣ ድስታችንም ለሁሉም አባል ዝግጁ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ለመቅበር ግን ዳግመኛ ባይወጣ ደስ ይለናል። የልጁ እናት አሁንም በየወሩ መዋጮዋን ይዛ ትመጣለች፤ በዚያ መንገድ ግን አትመጣም፣ በጀርባ በኩል ዞራ ነው። በዚያው መንገድ ተመልሳ እንድትሄድ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።