የገዛነው ዕቃ ጌታው ማን ነው?



ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ የራሱ ነው ቢባል ክርክር የሚያነሣ ያለ አይመስልም። በቅሎ ከገበያ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚነዳ ሰው ኮርቻዋን ቢለውጥ፤ ሲያሻው ቢጭናት፤ ሲያሻው ለጎረቤቱ ቢያውሳት፤ ሲቸግረው ደግሞ መልሶ ቢሸጣት፤ የቀድሞው ባለ በቅሎ ከኋላው ተከትሎ መጥቶ «ያለ እኔ ፈቃድ ለምን ሌላ ኮርቻ ጫንህባት?» ብሎ ሊሟገተው አይችልም። ቢሟገተውም የሚሰማው ዳኛ አያገኝም። በመሣሪያ ዘመን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ሻጩ ከገዢው ኋላ ተከትሎ እስከ ጓዳው ድረስ የገባበት፤ ሕግም ሰምቶ የደገፈው ጊዜ አለ። የዛሬው ንግግራችን የዚህ ሙግት ታሪክ ነው። የምናነሣቸው ዓመታት፤ የኢትዮጵያ መሆናቸው በተለይ ካልተገለጸ በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩን ከቴሌፎን እንጀምር። በአሜሪካ አገር የቴሌፎን ሥራ ለብዙ ዘመን ኤ ቲ ኤንድ ቲ በሚባለው ታላቅ ኩባንያ እጅ ተጠቃልሎ ይኖር ነበር። ኩባንያው ሽቦውን ይዘረጋል፤ ማዞሪያውን ያቆማል፤ የቴሌፎኑንም ዕቃ በራሱ ፋብሪካ ያሠራል። ለደንበኛው ግን በኪራይ ይሰጠዋል እንጂ አይሸጥለትም ነበር። ከዚህም ጋር አንድ ጥብቅ ደንብ አኖረ፤ ይኸውም ኩባንያው ያልሰጠውን ማናቸውንም ዕቃ ከቴሌፎኑ ጋር ማያያዝ ክልክል ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ «ባዕድ ተቀጥላ» ብሎ ሰይሞት ነበር።

ኩባንያው ለዚህ ደንብ ያቀርበው የነበረው ምክንያት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። የቴሌፎን መረብ እንደ ውሃ መስመር ነው፤ አንዱ በቤቱ ያበላሸው ለሌላው ይተርፋል። ያልተመረመረ መሣሪያ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሽቦው ቢያስገባ በእንጨት ላይ ወጥቶ የሚሠራውን ጠጋኝ ሊጎዳ፤ የጎረቤትንም መስመር ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ የመረቡ ጠባቂ አንድ ይሁን፤ እርሱም እኔ ልሁን የሚል ነበር። ለሽቦ ይህ ምክንያት ደኅና ነው። ደንቡ ግን ሽቦ የሌለውንም ነገር ጨምሮ ያዘ።

ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ «ሐሽ ኤ ፎን» የሚባል ዕቃ በገበያ ይሸጥ ነበር። ዕቃው ሽቦም ኤሌክትሪክም የለውም። በቴሌፎኑ መናገሪያ ላይ እንደ ኩባያ የሚገጠም ክዳን ነው። ተናጋሪው አፉን ወደ ውስጡ አቅርቦ ዝግ ብሎ ሲናገር በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ምሥጢሩን አይሰማም፤ የቢሮውም ጫጫታ ወደ መስመሩ አይገባም። ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት እጅግ የሚጠቅም ነገር ስለ ነበር ከ125,000 የሚበልጥ ተሽጧል። ኩባንያው ግን ይህም ባዕድ ተቀጥላ ነው አለ። የዕቃው ባለቤቶች በ1948 ዓ.ም. ለፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን አቤት አሉ። ስለ ድምፅ ጠባይ የሚያውቁ ሊቃውንት ቀርበው መሰከሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው ሊዮ ቤራኔክ ነበር። ኮሚሽኑ ነገሩን ሰባት ዓመት ያህል ካቆየው በኋላ በ1955 ዓ.ም. ለኩባንያው ፈረደ፤ ክዳኑ የድምፁን ጥራት ይቀንሳልና ለሕዝብ አገልግሎት ጎጂ ነው ሲል ወሰነ።

አስቡት፤ አንድ ሰው ከራሱ ወዳጅ ጋር በሚያደርገው ንግግር ድምፁ ጥቂት ቢታፈን የሚጎዳው ሌላ ማን ነው? ነገሩ በይግባኝ ወደ ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ የተመለከቱት ይህንኑ ነው። በ1956 ዓ.ም. በሰጡት ፍርድ፤ ሰው እጁን አጥፎ መናገሪያውን ቢሸፍንና በቀስታ ቢናገር ማንም አይከለክለውም፤ ታዲያ እጁ የሚሠራውን ሥራ ዕቃ ቢሠራለት እንዴት ወንጀል ይሆናል? የሚል ሐሳብ አኖሩ። ደንበኛው ሌላውን ሕዝብ ሳይጎዳ ለራሱ በሚጠቅመው መንገድ በቴሌፎኑ የመገልገል መብት እንዳለው ወሰኑ። የኮሚሽኑም ውሳኔ ተሻረ። ስለ አንዲት ክዳን የተጻፈው ይህ ፍርድ ከክዳኑ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

በዚህ ፍርድ ላይ ተደግፎ የተነሣው ሰው የቴክሳስ ተወላጅ ቶማስ ካርተር ነበር። በቴክሳስ ሰፊ ሜዳ ላይ ከብት የሚያረቡና ዘይት የሚቆፍሩ ሰዎች በመኪናቸው የሬዲዮ መገናኛ ነበራቸው፤ ነገር ግን በሬዲዮ ከቢሯቸው ጋር እንጂ ቴሌፎን ካለው ከሌላው ዓለም ጋር መነጋገር አይችሉም ነበር። ካርተር የቴሌፎኑ እጀታ የሚቀመጥበትን አልጋ መሳይ ዕቃ ሠራ። ቢሮ ያለው ሰው እጀታውን በዚያ ላይ ያኖረዋል፤ ከቴሌፎኑ የሚወጣው ድምፅ በአየር አልፎ ወደ ሬዲዮው ይገባል፤ የሬዲዮውም ድምፅ እንዲሁ ወደ ቴሌፎኑ ይመለሳል። ሽቦ ከሽቦ ጋር አይነካካም። «ካርተርፎን» የተባለውን ይህን ዕቃ ከ1959 እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ 3,500 ያህል ሸጠ። ኩባንያው ደንበኞችን ባስፈራራ ጊዜ ካርተር ከሰሰ፤ ኮሚሽኑም በጁን ወር 1968 ዓ.ም. በዚህ ጊዜ ለታናሹ ሰው ፈረደ። የማይጎዳን ዕቃ ከመረቡ የሚያግደው ደንብ ያለ አግባብ የተደነገገ ነው፤ ከመጀመሪያውም ሕጋዊ አልነበረም ሲል ወሰነ።

የዚህን ውሳኔ ፍሬ በቤታችሁ አይታችሁታል። ድምፅ ተቀብሎ የሚያስቀምጠው መሣሪያ፤ ፋክስ የሚባለው የጽሕፈት መላኪያ፤ ከሁሉም በላይ ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር በቴሌፎን ሽቦ እንዲነጋገር ያስቻለው ሞደም፤ ከኩባንያው ፈቃድ ሳይለመን በየሱቁ እንዲሸጥ መንገዱ የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። እርግጥ ነው፤ ኩባንያው እጁን በአንድ ቀን አልሰጠም። የሌላ ፋብሪካ ዕቃ የሚያያዝ ሰው መከላከያ መሣሪያ ከእኔ ይከራይ ብሎ ጥቂት ዓመታት አስቆጠረ። በመጨረሻ ኮሚሽኑ በ1975 ዓ.ም. ማናቸውም ዕቃ ተመርምሮ ከተመዘገበ በኋላ በቀጥታ ሊያያዝ ይችላል የሚል ሥርዓት አወጣ። ስለ መረቡ ደኅንነት የቀረበው ምክንያት እውነተኛ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይኸው ምርመራና ምዝገባ እንደ ነበረ በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አምፑል ጥቂት ቃል ብንናገር ከመንገድ መውጣት አይሆንም። በ1924 ዓ.ም. መጨረሻ የጀርመኑ ኦስራም፤ የሆላንዱ ፊሊፕስ፤ የፈረንሳዩ የአምፑል ኩባንያና ሌሎችም በጄኔቭ ከተማ ተሰብስበው «ፌቡስ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ገበያውን ከመከፋፈላቸው በላይ የአምፑል ዕድሜ 1,000 ሰዓት ይሁን ብለው ተስማሙ፤ ከዚያ አስቀድሞ 1,500 እና 2,000 ሰዓት የሚበሩ ነበሩ። ዕድሜው የረዘመ አምፑል የሠራ ማኅበርተኛ መቀጫ ይከፍላል። ስለ ጥራት ጉድለት መቀጣት የተለመደ ነው፤ ስለ ጥራት ብልጫ መቀጣት ግን እንግዳ ነገር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ዕድሜው የረዘመ አምፑል ለሚሰጠው ብርሃን ብዙ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ መሐንዲሶች ያስረዳሉ፤ በ1951 ዓ.ም. ነገሩን የመረመረው የእንግሊዝ ኮሚሽንም ትክክለኛ የሚባል አንድ ዕድሜ የለም ብሏል። በደሉ ያለው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን ምርጫው ከገዢው ተደብቆ መደረጉ ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በማርች 15 ቀን 1962 ዓ.ም. ለምክር ቤት ባስተላለፉት መልእክት ሸማች አራት መብቶች አሉት ሲሉ፤ እነርሱም ከአደጋ የመጠበቅ፤ እውነቱን የማወቅ፤ የመምረጥና የመሰማት ናቸው ሲሉ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ወይም ሶፍትዌር ወደሚባለው እንሻገር። በመጀመሪያው ዘመን ፕሮግራም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሰጥ እንጂ ለብቻው ዋጋ አልነበረውም። አይ ቢ ኤም በ1969 ዓ.ም. ሁለቱን ለይቶ ለመሸጥ ማሰቡን አስታወቀ። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ገና ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር ወዳጆች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፤ የደከምንበትን ፕሮግራም አብዛኛዎቻችሁ ሰርቃችሁ ትገለብጣላችሁ፤ ይህ ከሆነ ለፕሮግራም ጸሐፊ ማን ይከፍለዋል? ሲል ወቀሳቸው። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ መከልከል የሸማች መብት ሊባል አይችልም። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ የተነሣው ንግድ ፕሮግራሙን መሸጥ ትቶ የመጠቀም ፈቃድ ወደ መስጠት አዘነበለ። ገዢው ሣጥኑን ይዞ ወደ ቤቱ ቢገባም በውስጡ ያለው የእርሱ አይደለም፤ እንደ ቀድሞው ቴሌፎን ተከራይ ነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በምሬት ያየው ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው የኤም አይ ቲ ሊቅ ነው። በሚሠራበት ቤት የነበረው አሮጌ ማተሚያ ወረቀት ሲቀረቀርበት ለሠራተኞቹ በየኮምፒዩተራቸው መልእክት እንዲደርሳቸው ፕሮግራሙን ራሱ አሻሽሎት ነበር። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ ማተሚያ መጣ፤ እርሱም ወረቀት ይቀረቀርበት ነበር፤ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ግን አብሮ አልመጣም። ስቶልማን ጽሑፉ በእጁ ወዳለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሄዶ ቢለምን፤ ሰውየው ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሰው። ከዚህ በኋላ ስቶልማን በ1983 ዓ.ም. ማንም ሊያነበው፤ ሊያርመውና ለባልንጀራው ሊያካፍለው የሚችል የፕሮግራም ሥራ መጀመሩን አስታወቀ፤ በ1989 ዓ.ም. ይህን መብት የሚያስጠብቅ የፈቃድ ጽሑፍ አወጣ። የፊንላንዱ ተወላጅ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑክስ የተባለው ፕሮግራም በዚሁ ፈቃድ ሥር ገብቶ፤ ዛሬ በኪሳችን ከምንይዛቸው ስልኮች የሚበዙት የሚሠሩበት አንድሮይድ የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

የተቀረው የሙግቱ ወገን ግን እየጠነከረ ሄደ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት ያለበትን ሥራ የሚጠብቅ ቁልፍ መስበርን ከለከለ። ሕጉ የታሰበው ለፊልምና ለሙዚቃ ቢሆንም የቀለም ማተሚያ ፋብሪካዎች፤ የመኪናና የትራክተር ፋብሪካዎችም በዕቃቸው ውስጥ ጥቂት ፕሮግራም እያኖሩ ተጠለሉበት። በጁላይ ወር 2009 ዓ.ም. አማዞን የተባለው ነጋዴ ሰዎች ገዝተው በኤሌክትሮኒክ መጽሐፋቸው ያኖሩትን ሁለት የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት ከሩቅ ሆኖ አጠፋባቸው፤ አሳታሚው መብት አልነበረውምና። ገንዘባቸውን መልሶላቸዋል፤ የኩባንያው አለቃም ይቅርታ ጠይቋል። ከጠፉት አንዱ፤ መንግሥት ያለፈውን ጽሑፍ እያጠፋ ታሪክን እንደሚለውጥ የሚተርከው «1984» የተባለው ልብ ወለድ መሆኑ ለሚያስተውል ሰው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ዲር የተባለው የትራክተር ፋብሪካ ለአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጻፈው አስተያየት፤ ገበሬው በትራክተሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም በተመለከተ ያለው ነገር ትራክተሩ እስኪያልቅ ድረስ የመንዳት ፈቃድ ነው ብሎ ተከራከረ። በመግቢያችን ላይ ያነሣናት በቅሎ እዚህ ላይ ትታወሰናለች። መከር በደረሰ ጊዜ መኪናው ቢቆም፤ ብልሽቱ ቀላል ቢሆን እንኳ፤ የፋብሪካው ሰው ኮምፒዩተሩን ይዞ እስኪመጣ መጠበቅ ለገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ኮሎራዶ የተባለው ግዛት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ፋብሪካዎች የጥገናውን መጽሐፍ፤ መለዋወጫውንና ፕሮግራሙን ለገበሬዎች እንዲሸጡ አስገደደ።

በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ጉድለት ያለበት ዕቃ ላለመስጠቱ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ በዚሁ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ቁልፍ ስለ ተቈለፈበት ፕሮግራም ግን የሙግቱ ሜዳ ገና ሩቅ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው በትንሽ ሱቅ ተቀምጦ ስልክ የሚጠግነውን ወጣት ነው። ይህ ወጣት ከሞተው ስልክ መስተዋቱን አንሥቶ ለሚሠራው ይገጥመዋል፤ ዋጋውም ለድኻ ይቀላል። አሁን ግን አንዳንድ ፋብሪካዎች እያንዳንዱን የስልክ አካል በቁጥር እየመዘገቡ፤ ቁጥሩ ያልተመዘገበ አካል ሲገጠም ፕሮግራሙ እንዲያጉረመርም ወይም ከሥራው ከፊሉን እንዲያቆም አድርገዋል። እውነተኛ ዕቃ፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፤ ባዕድ ተቀጥላ ተብሎ ተቈጠረ ማለት ነው። ኦሪገን የተባለው የአሜሪካ ግዛት በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ይህን ልማድ ከለከለ፤ ክልከላውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ዓ.ም. በኋላ የተሠሩትን ስልኮች የሚመለከት ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው በ2024 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ስልክንና ሌሎችን የቤት ዕቃዎች የሠራ ፋብሪካ የዋስትናው ዘመን ካለፈ በኋላም በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጠግን ግዴታ ጥሎበት፤ አባል አገሮች መመሪያውን በሥራ ላይ የሚያውሉበትን ቀን ጁላይ 31 ቀን 2026 ዓ.ም. ብሎ ቆረጠ።