የአካባቢን ዕውቀት በሥዕል ማስተማር፦ ከጎጃም ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ሕፃን ስለ አገሩ የሚማረው ከሩቁ በፊት ከቅርቡ ሲጀምር ትምህርቱ ሥር እንደሚሰድ በመምህራን ዘንድ የታወቀ ነው። ከዚህም የተነሣ ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ወንዝ፣ ተራራና ከተማ እየሣሉ በክፍላቸው ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ማድረግ የተለመደ የማስተማሪያ ዘዴ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የሚጠቅመው ከውበቱ ይልቅ በሥሩ በሚጻፈው ቃል መሆኑን የጎጃም ታሪክ ያስረዳል።

በጎጃም ደጋ ሥዕል ለማስተማሪያነት ያገለገለው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ ነው። በቤተ ክርስቲያን መቅደስ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ሥዕሎች ፊደል ላልቆጠረው ምእመን እንደ መጽሐፍ ነበሩ። ሠዓሊው ከቅዱሱ ራስ አጠገብ ስሙን ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜም ሥዕሉን ያሣለውን ሰው ከግርጌ ሥሎ ስሙን ያክላል። የታሪክ ተመራማሪዎች የሥዕሉን ዘመን ለመለየት ከሚረዷቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው አጭር ጽሑፍ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት በየአውራጃው የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲሠራ አበረታተዋል። በካርቶን፣ በጆንያና በሸራ ላይ የተሣሉ ካርታዎችና ሠንጠረዦች በብዙ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የመጽሐፍን እጥረት በከፊል ሸፍነዋል።

የጎጃም መምህር ለዚህ ሥራ የሚሆን ነገር አያጣም። የጮቄ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቦ ያልፋል። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። እነዚህ ሕፃናትን የሚያስደስቱ ዕውቀቶች ናቸው። ነገር ግን ተማሪው ከጮቄ የሚነሡትን ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ ካልሣለ፣ ቁመቱን ቢያውቅም የተራራውን ጥቅም አላወቀም። የከተማዋም ስም የተለወጠው በ1873 ዓ.ም. በነገሡት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት መሆኑ ካልተነገረው፣ ሁለት ስም ከመሸምደድ አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ካርታው ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ጎጃም ከጠቅላይ ግዛቶች አንዱ ሆነ፤ ከአብዮቱ በኋላ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተብሎ ተከፈለ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት በተመሠረተው የክልል አወቃቀር ደግሞ አብዛኛው በአማራ ክልል፣ የመተከል አካባቢ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ተካተተ። እንግዲህ አያት፣ አባትና ልጅ በትምህርት ቤት ያዩት የጎጃም ካርታ የተለያየ ነው። ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ካርታ ሲገጥመው ልጁ ከሁለቱ አንዱን ሐሰት ነው ብሎ ይደመድማል፤ ወሰንም ከጥንት ጀምሮ ያልተለወጠ፣ ወይም አንዱ ከሌላው የቀማው ነገር ይመስለዋል። የአስተዳደር ወሰን በየዘመኑ በሕግ የሚወሰን መሆኑን ሳይረዳ ያድጋል። በወሰን ምክንያት ጠብ በሚነሣበት አገር ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ስለዚህ በተማሪዎች የሚሠራ ማናቸውም ሥዕል ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ይበጃል፤ ይኸውም የነገሩን ስም፣ ምክንያቱንና ዓመቱን ነው። ያረጀው ካርታ አዲስ ሲሠራ ከመጣል ይልቅ ከአዲሱ ጎን ቢሰቀል፣ ልዩነቱን ራሳቸው ተማሪዎቹ ፈልገው ያገኙታል። ለዚህም የውጭ ምንዛሪ ወይም ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆንያ፣ ቀለምና የመምህሩ ትጋት ይበቃሉ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም የአካባቢን ዕውቀት ሲመዝኑ ተማሪው ስንት ነገር ቆጠረ ከማለት ይልቅ፣ ስለ አንዱ ነገር ከመቼ ጀምሮና ስለ ምን ብሎ መጠየቅ ቻለ ብለው ቢመዝኑ፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ከጌጥነት አልፎ ትምህርት ይሆናል።